ድንጋዩ ከመነሳቱ በፊት

ስዩም ወገቡ የተያዘው በመስከረም አጋማሽ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ መርሳ ውስጥ በእትዬ አለሚቱ ወፍጮ ቤት ነው። ሰዓቱን አጥብቆ የያዘው ያለምክንያት አይደለም። «ከሰዓት በኋላ ቢሆን ኖሮስ?» የምትል ጥያቄ ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ስታብሰለስለው ከርማለች።

ስዩም የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ ሙያው መካኒክነት። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ትንሽ ጋራዥ ነበረችው። ማታ ማታ ሥራ ሲያበቃ ጋራዡ ጓሮ ገብቶ ብረት ያነሳል። ብረቱንም የሠራው ራሱ ነው። ዘንጉ ከአሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና የወጣ አክስል ነው፤ ክብደቶቹ የፍሬን ታምቡሮች ናቸው። እያንዳንዷን ታምቡር ባስኩላ ላይ መዝኖ፣ ኪሎዋን በቀይ ቀለም ጽፎባታል። ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ የቆመበት ትልቁ ክብደት መቶ አርባ ኪሎ ነው።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይገርመው ነበር። ያው መቶ አርባ ኪሎ አንዳንድ ቀን እንደ ባዶ ጀሪካን ይነሳል፤ አንዳንድ ቀን ንቅንቅ አይልም። ብረቱ ያው ነው፤ ሰውየውም ያው ነው። መጀመሪያ ምግቡን ጠረጠረ፤ ቀጥሎ እንቅልፉን። አንድ ሰሞን ጨረቃንም ጠርጥሮ ነበር። ሞተር ቢሆን ፈትቶ ያየው ነበር፤ የራስ ገላ ግን አይፈታም።

በነሐሴ ጦርነቱ መርሳ ወዳለችበት ወደ ሀብሩ ወረዳ ሲደርስ፣ እሱም እንደ ብዙው ሰው በእግሩ ወደ ደሴ አቀና። ውርጌሳ ላይ ከፊት ተኩስ ተሰማ፤ መንገዱ ተዘጋ ተባለና ተመለሰ። ጋራዡን ባዶ ሆኖ አገኘው። መፍቻዎቹ የሉም፣ ክሪኩ የለም፣ ሞተር የሚያወርድበት የሰንሰለት ማንሻ የለም። አክስሉንና ታምቡሮቹን ግን ቁርጥራጭ ብረት መስሏቸው ትተዋቸዋል።

መብራት ከጠፋ፣ ስልክም ከተቋረጠ ሰነበተ። የከተማው ወፍጮዎች ሁሉ በመብራት የሚሠሩ ስለነበሩ ቆሙ። ሰው እህል እያለው ንፍሮ ቀቅሎ መብላት ጀመረ። እትዬ አለሚቱ ስዩምን ያስጠሩት ያኔ ነው።

እትዬ አለሚቱ ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ባላቸው ከሞቱ ስምንት ዓመት ሆኗል። የተዉላቸው የናፍጣ ወፍጮ መብራት ከገባ ወዲህ ተረስቶ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ነበር።

«ስዩምዬ፣ ይቺን ሬሳ ታስነሳልኛለህ?» አሉት ሞተሩን በእግራቸው እየነኩ።

አራት ቀን ፈጀበት። በአምስተኛው ቀን ማኖቬላውን ሲያሽከረክረው ሞተሩ ሳል እንደያዘው ሰው አክ አክ ብሎ ተነሳ። ከግራናና ከየቀበሌው እህል በአህያ የጫነ ሰው ግቢውን ሞላው። ከተማዋን የያዙት ታጣቂዎችም የራሳቸውን እህል ይዘው መጡ፤ እነሱም መብላት ስላለባቸው ናፍጣ በጀሪካን አመጡ። እትዬ አለሚቱ ከማንም ጋር ብዙ ሳይነጋገሩ የመጣውን ሁሉ ፈጩ።

የወፍጮ ድንጋይ ደግሞ ይዶለዱማል። በአምስት ሳምንት ገደማ ዱቄቱ መሻከርና መጋል ይጀምራል። ያን ጊዜ የላይኛው ድንጋይ ተነስቶ፣ ተገልብጦ፣ ፊቱ መወቀር አለበት። የእትዬ አለሚቱ ድንጋይ ሁለት ኩንታል ተኩል ይመዝናል። መሐል ለመሐል ብረት ስለሚያልፍበት በጎን በመፈንቀያ ቢያነሱት ተጣሞ ብረቱ ላይ ይነክሳል፤ አንድ ስንዝር ያህል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መነሳት አለበት። ድሮ አራት ወንዶች ያነሱት ነበር። አሁን ግማሹ ወንድ ተሰዷል፣ ግማሹ ተደብቋል። የቀሩት ስዩምና ጋሽ አብዱልሐሊም ናቸው።

ጋሽ አብዱልሐሊም ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት መርሳ ገበያ ላይ እህል ሲጭኑና ሲያወርዱ የኖሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲያዩዋቸው ጉልበት ያላቸው የማይመስሉ ሰው ናቸው። በድንጋዩ ቀለበቶች ውስጥ አንድ ወፍራም ብረት ያልፋል፤ ሁለት ሰው በሁለቱ ጫፍ ቆሞ ያነሳል፤ እትዬ አለሚቱ ሳንቃ ከሥሩ ይወሽቃሉ።

ያን ቀን ስዩም አርፍዶ ነበር። ከአልጋው ዘሎ ተነስቶ፣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ሮጦ መጣ። ሽማግሌው ቀድመውት ደርሰው ሲያይ አፈረ።

«ድንጋዩ ወደኔ እንዲቀርብ ብረቱን ወደርስዎ ሳብ ያድርጉት፤ እኔ ይክበደኝ» አለ።

«አንድ ጊዜ ትንፋሽህን ሰብስብ እንጂ» አሉ ጋሽ አብዱልሐሊም።

«ምን ችግር አለው፣ ሦስት ብለን እናንሳ።»

ድንጋዩ ተነሳ። ሳንቃውም ገባ። ሲያወርዱት ግን የስዩም ወገብ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ አለ፤ እንደጎበጠ ቀረ። ላብ በግንባሩ ወረደ። ቀና ማለትም፣ መቀመጥም አልቻለም። ጋሽ አብዱልሐሊም ግን እጃቸውን አራግፈው መጥተው ብብቱን ያዙት።

«አብሽር ልጄ፣ አብሽር። ወገብ ነው፤ ይመለሳል።»

ቤቱ ዳገት ላይ ስለሆነ ሊወጣው አልቻለም። እትዬ አለሚቱ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ባዶ ማዳበሪያ ከምረው አስተኙት። አሸዋ በምጣድ አግለው በጨርቅ ቋጥረው ወገቡ ላይ ያደርጉለታል። አሥራ አንድ ቀን እዚያው ተኛ።

ሰው ተኝቶ ሲውል የሚያየው ነገር ይፈልጋል። ስዩም የሚያየው ጋሽ አብዱልሐሊምን ነበር። እሳቸው በዕድሜ እጥፉ ናቸው፤ ያነሱት ያንኑ ድንጋይ ነው። እሱ የያዘው ጫፍ ትንሽ ይከብድ ነበር፤ ግን ያ ብቻ ምክንያት አልመሰለውም። ታዲያ እሱ ሲሰበር እሳቸው ለምን ደህና ሆኑ?

«ጋሽ አብዱልሐሊም፣ ጠዋት ጠዋት ምን ያደርጋሉ?» ሲል ጠየቃቸው በሦስተኛው ቀን።

«እሠራለሁ።»

«ከሥራው በፊትስ?»

«እሰግዳለሁ።»

ስዩም ጎንበስ ቀናውን በሐሳቡ ቆጠረ። ሽማግሌው የገባቸው መሰለና ሳቁ። «እሱ ለአላህ ነው፤ ለወገብ አይደለም።»

«እሺ፣ ከሰገዱ በኋላ ከባዱን ከማንሳትዎ በፊትስ?»

ጋሽ አብዱልሐሊም ቆም ብለው አሰቡ። «ወላሂ ምንም።»

ምንም የሚለውን ስዩም አላመነም። በማግስቱ ገና ሲነጋ ጀምሮ ዓይኑን ከሳቸው አልነቀለም። እኚህ ምንም አላደርግም ያሉ ሰው መጀመሪያ ወለሉን ጎንበስ ብለው ጠረጉ። ቀጥለው ባዶ ማዳበሪያዎቹን አንድ በአንድ አራግፈው አጠፉ። ከዚያ ግማሽ ድረስ ብቻ የተሞሉትን የፉርሽካ ጆንያዎች ከበሩ ወደ ጥግ አዛወሩ፤ አምስት ወይ ስድስት ናቸው። ቀጥሎ ሃምሳ ኪሎ የሚሆኑ ሦስት ጆንያዎችን አነሱ። ሙሉው ኩንታል ዘንድ የደረሱት መጨረሻ ላይ ነው። እዚያም ወዲያው አልተሸከሙትም። ጆሮውን ይዘው አንድ ጣት ያህል ከመሬት አላቀቁትና መልሰው አስቀመጡት። እጃቸውን ልብሳቸው ላይ ጠረጉ፤ በሩ ላይ ቆመው መንገዱን ትንሽ አዩ። ተመልሰው ብድግ አደረጉት። ሁለተኛውን ኩንታል ግን ያለ ምንም መነካካት አነሱት።

«ያን የመጀመሪያውን ለምን አንስተው አስቀመጡት?»

«የቱን?»

«ኩንታሉን! አላቅቀው መልሰው አስቀመጡት እኮ።»

«እንዴ፣ እንደዛ አደርጋለሁ?» ሽማግሌው ራሳቸው ገረማቸው። ጺማቸውን ነካኩ። «እጄ እንዲያውቀው ይሆናል። ወጥ እንኳ ሳይቀመስ አይወጣ።»

«ሁለተኛውንስ?»

«እሱንማ አወቀው።»

ስዩም ከዚያ በኋላ ወገቡን ረሳው ማለት ይቻላል። በየጠዋቱ ይቆጥራል። የሽማግሌው ነገር ከቀን ቀን በቁጥር ቢለያይም ቅደም ተከተሉ አይለያይም፤ ከቀላል ወደ ከባድ ይሄዳል፣ እየከበደ ሲሄድ ብዛቱ ይቀንሳል።

መራመድ ሲጀምር አክስሉንና ታምቡሮቹን በእጅ ጋሪ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ገፍቶ አመጣቸው። እትዬ አለሚቱ ወገባቸውን ይዘው ተመለከቱት።

«በዚህ ወገብ ልትሞት ነው?»

«ባዶውን ብቻ ነው እትዬ። አንድ ነገር ልሞክር ብዬ ነው።»

ሁለት ሳምንት በባዶ ዘንግ ሰነበተ። ወገቡ ሲሻለው እውነተኛው ሙከራ ተጀመረ፤ የመጀመሪያውም ከሸፈ። መካኒክ ነውና በሞተር አሰበው፤ ሞተር ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ኃይሉም ይመጣል። እንግዲህ ዋናው ነገር ሙቀት ነው አለ። ግቢውን ሃያ ጊዜ ዞረ፤ ሠላሳ ኪሎ አርባ ጊዜ አነሳ፤ ስልሳ ኪሎ ሃያ ጊዜ አነሳ። ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣበቀ። ከዚያ መቶ ኪሎ ጫነና ሲስበው እግሩ ተንቀጠቀጠ፤ ዘንጉ ከጉልበቱ ሳያልፍ ወረደ።

እህል ሊያስፈጩ የተቀመጡት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። እትዬ አለሚቱ ግን አልሳቁም፤ ነገሩ እሳቸውንም ይዟቸዋል።

«መሞቅማ ሞቀሃል። ግን ናፍጣህን ጨርሰህ ነው የሞቅኸው» አሉት።

እውነታቸውን ነው። ጋሽ አብዱልሐሊም ኩንታሉ ዘንድ ሲደርሱ ላባቸው ጠብ አይልም ነበር። ስዩም ከልጆች የተረፈ ደብተር ከእትዬ አለሚቱ ተቀብሎ መጻፍ ጀመረ። አንድ ቀን ብዛቱን ይቀንሳል፤ አንድ ቀን ደረጃውን ይለውጣል። አንድ ቀን ከቀላሉ ዘልሎ ከባዱ ላይ ይወጣል፤ ያን ቀን እጁ ዘንጉን እንደማያውቀው ሰው እጅ ይጨብጠዋል። ከመጨረሻው በፊት ምን ያህል ማረፍ እንዳለበት ደግሞ በእህሉ ለካው። የወፍጮው ሣጥን አንድ ቁና እስኪያፈስ ቢያርፍ ይሻላል፤ ሳያርፍ ቢያነሳ ይከብደዋል፤ ሦስት ቁና ካለፈ መልሶ ይቀዘቅዛል።

በመጨረሻ ለሱ የሚሆነውን አገኘ። ሃያ ኪሎ የሚመዝነውን ባዶውን ዘንግ አሥር ጊዜ፣ ስልሳን አምስት ጊዜ፣ ዘጠናን ሦስት ጊዜ፣ መቶ አሥራ አምስትን አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ የአንድ ቁና እረፍት። ከዚያ ድንጋዩ። ቀን እየመረጠ ያስቸግረው የነበረው የመቶ አርባ ኪሎ ምስጢር ጨረቃ እንዳልነበረ ገባው። ደህና በተነሳባቸው ቀናት ጋራዥ ውስጥ ጎማ ሲያወርድ፣ ካምቢዮ ሲገፋ የዋለ ነበር። ሥራ በጠፋባቸው ቀናት ነው እምቢ ያለው።

ድንጋዩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲዶለዱም በዚሁ መንገድ አነሱት። ጋሽ አብዱልሐሊም በራሳቸው መንገድ፣ በጆንያቸው፤ ስዩም በታምቡሩ። ድንጋዩ ሳያንገራግር ወጣ። ስዩም ወገቡን እየዳሰሰ ብዙ ቆመ፤ ምንም የለም።

በዚያው ሳምንት ሰፈር ውስጥ ሁለት ሰዎች ከቤታቸው ተወስደው አልተመለሱም። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚሄደው። ታጣቂዎች ወፍጮ ቤቱን ሊፈትሹ የመጡትም በዚያው ሰሞን ነው። አዛዣቸው ሃያ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሴት ናት። ከማዳበሪያው ሥር ደብተሩን አወጣች። ገለጠችው። ፊቷ ተለወጠ።

«ይህ ምንድነው?»

«የኔ ደብተር ነው» አለ ስዩም።

«ሃያ፣ አሥር። ስልሳ፣ አምስት። ዘጠና፣ ሦስት። መቶ አሥራ አምስት፣ አንድ።» ቀና ብላ አየችው። «ይህ የምን ቁጥር ነው? ለማን ነው የምትልከው?»

«ለማንም። ኪሎ ነው።»

«የምን ኪሎ?»

«የብረት።»

«እዚህ ጋ ደግሞ ድንጋይ ይላል። ድንጋይ ማለት ማነው?»

«ድንጋይ... ድንጋይ ነው።»

አንዱ ታጣቂ ጠመንጃውን አስተካከለ። እትዬ አለሚቱ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ስዩም ስለ ወፍጮው፣ ስለ ወገቡ፣ ስለ ታምቡሮቹ ተናገረ። አዛዧ ሁሉንም ሰማችው።

«ስለዚህ ያለ እነዚህ ቁጥሮች ሰው ከባድ ነገር አያነሳም ነው የምትለው?»

«ይከብደዋል ነው የምለው።»

ከኋላዋ የቆመውን ረጅም ወጣት ታጣቂ ጠራችው። ዘንጉ ላይ መቶ ሃያ ኪሎ አስጫነች። «አንሳ» አለችው።

ወጣቱ ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጠ። ጎንበስ ብሎ ያዘና ብድግ አደረገው። ቀጥ ብሎ ቆሞ ደግሞ ፈገግ አለ።

«ዋሽተኸኛል» አለች አዛዧ።

ስዩም በኋላ ሲያወራው፣ በዚያች ደቂቃ መፍራት ነበረብኝ ይላል። ነገር ግን በጭንቅላቱ ውስጥ ለፍርሃት ቦታ አልነበረም። የወጣቱን ትከሻ፣ የአንገቱን ላብ፣ አቧራ የጠጣ ጫማውን ነበር የሚያየው።

«ወንድሜ» አለው፣ «ዛሬ ጠዋት ምን ስትሠራ ነበር?»

ወጣቱ አዛዧን አየ። እሷም ንገረው የሚል ምልክት ሰጠችው። «ከሐራ በእግሬ መጣሁ። ከዚያ የጥይት ሣጥን ከመኪና ስናወርድ ነበር። አሁን ጨረስን።»

«አየሽ!» ስዩም ጮኸ። እጁን ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረውም። «አየሽ እህቴ፣ ሞቆ ነው የመጣው! ሣጥኑ ነው ያዘጋጀው። እሱ ደብተር አላስፈለገውም፤ ጋሽ አብዱልሐሊምም አያስፈልጋቸውም!»

አዛዧ ደብተሩን ዘጋችው። ምን ልታደርግ እንደሆነ ማንም አላወቀም። ከዚያ «ነገ» አለች፣ «ከእንቅልፉ እንደተነሳ አመጣዋለሁ። እናያለን።»

ያን ሌሊት ማንም አልተኛም። በማግስቱ ገና ወገግ ሲል መጡ፤ ወጣቱ ዓይኑን እያሸ ነበር። ስዩም ልጁ ራሱን እንዳይጎዳ ፈራለትና «እምቢ ካለህ አትታገለው፤ ተወው» አለው። ወጣቱ ያንኑ መቶ ሃያ ኪሎ ያዘ። ሳበ። ዘንጉ ከመሬት ጥቂት ተላቀቀና ቀረ። ደግሞ ሞከረ። እንቅልፍ ያልለቀቀው ፊቱ በመገረም ተሞላ፤ ትላንት ያነሳውን ብረት እንደከዳው ወዳጅ አየው።

አዛዧ ድንገት ሳቀች። ሳቋ አጭር ነበር፤ ግን የልጅ ሳቅ ነው። ወዲያው ሰበሰበችው። ደብተሩን ግን ኮቷ ኪስ ከትታ ሄደች፤ ስዩምም ዳግም አላየውም። ከጥቂት ቀናት በኋላ እነዚያ ታጣቂዎች ተነስተው በሌሎች ተተኩ።

ታኅሣሥ ሲገባ የመድፍ ድምፅ ከውርጌሳ በኩል ይሰማ ጀመር። በየቀኑ ይቀርባል። ሰው ቤቱን ዘግቶ የሚቀመጥበትን ዳቦ ለመጋገር ዱቄት ፈለገ፤ ከግራና የመጡ ሴቶች ከነእህላቸው ግቢው ውስጥ አደሩ። ድንጋዩም ለይቶለት የዶለዶመው ያን ጊዜ ነው፤ እህሉ ይግላል፣ ሞተሩም እየታነቀ ይጠፋል። በዚያ ላይ ጋሽ አብዱልሐሊም በወባ ተይዘው ጥግ ላይ ጋቢ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ።

«እኔ አነሳለሁ» አሉ እትዬ አለሚቱ።

ስዩም አያቸው። «እትዬ፣ ከመቶ በላይ ነው የሚደርስዎ።»

«ድንጋዩን ወዳንተ ብናስጠጋውስ? ሁለት ሰው በአጠና ሲሸከም ሸክሙ የቀረበው አይደል የሚከብደው?»

አሰላው። ብረቱን ወደሳቸው ገፍቶ ድንጋዩን ወደራሱ ቢያስጠጋው ለሱ መቶ ስልሳ፣ ለሳቸው ዘጠና ይሆናል። እሱ መቶ ስልሳ አንስቶ አያውቅም። «ዘጠናም ለርስዎ ብዙ ነው» አላቸው።

እትዬ አለሚቱ ትንሽ አፈሩ። «ስልሳውን አንስቼዋለሁ» አሉ። «አንተ ስትሄድ እሞክረው ነበር። ምን እንደምታገኝበት ልወቅ ብዬ።»

ሳንቃ የመወሸቁን ሥራ ጋሽ አብዱልሐሊም ተቀምጠው ሊሠሩት ተስማሙ። ስዩም እትዬ አለሚቱን ማዘጋጀት ጀመረ፤ በራሱ ደረጃ አስጀመራቸው። ባዶውን ዘንግ አሥር ጊዜ ሲሉ ስምንተኛው ላይ ትንፋሽ አጠራቸው።

«ይብቃዎ፣ ይብቃዎ» አለ። ስሕተቱ ወዲያው ታየው። ያ ቁጥር የሱ ገላ ቁጥር ነው። እሳቸው ደግሞ ከንጋት ጀምረው እህል ሲያወጡ ሲያወርዱ ነበር፤ ሙቀቱ አላቸው። የጎደላቸው የክብደቱ ትውውቅ ብቻ ነው። አሳረፋቸውና ሃምሳን ሁለት ጊዜ፣ ሰባን አንድ ጊዜ አስነሳቸው። ለራሱ ደግሞ ከመቶ አሥራ አምስቱ በላይ አንድ ደረጃ ጨመረ፤ መቶ አርባን አንድ ጊዜ።

መድፉ ሲጮህ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ የዱቄት አቧራ ከላይ ይረግፋል። ግቢ ያሉት ሴቶች «ኧረ ቶሎ በሉ!» እያሉ ይጮኻሉ። እትዬ አለሚቱ ራሳቸው ብረቱን ያዙት።

«በቃ እናንሳው ስዩም!»

«እረፍቱ ይቀራል።»

«ሰው ሊያልቅ አንተ እረፍት ትላለህ?»

«ትንሽ ነው እትዬ፤ አንድ ቁና። ድንጋዩ ቢወድቅብን ማንም አይፈጭም።»

ቆሙ። ጋሽ አብዱልሐሊም ከጋቢያቸው ውስጥ ሆነው ሁለቱንም በጉጉት ያያሉ፤ ትኩሳቱም የቀለላቸው ይመስላል። ስዩም ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ድንጋዩ ተነሳ። መጀመሪያ በስዩም በኩል፣ ቀጥሎ በእትዬ አለሚቱ በኩል። የመጀመሪያው ሳንቃ ገባ። ሁለተኛው ግን ቀለበቱ ላይ ተጋጭቶ ቆመ። ስዩም የእትዬ አለሚቱን ጣቶች አየ፤ አንድ በአንድ እየተከፈቱ ነው።

«ጋሽ አብዱልሐሊም፣ ግፉት!»

«ያ ረቢ!» ሽማግሌው ተቀምጠው በእግራቸው ረገጡት። ሳንቃው ሸርተት ብሎ ገባ። ድንጋዩ ወረደና አረፈ።

ስዩም እንደቆመ ቀረ፤ ያን ቋ የሚል ድምፅ እየጠበቀ። አልመጣም። እትዬ አለሚቱ ወለሉ ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡና እጃቸውን ዘርግተው ያዩት ጀመር፤ የማያውቁት እጅ ይመስል።

ድንጋዩ ተወቀረ፤ ሲመልሱትም ደረጃውን ከመጀመሪያ ደገሙት። እስከ ማታ ፈጩ። በአራተኛው ቀን የመንግሥት ሠራዊት በውርጌሳ በኩል ገባ፤ ታጣቂዎቹም ለቀው ሄዱ። ጋሽ አብዱልሐሊም ከወባቸው ዳኑ። ከተወሰዱት ሁለት ሰዎች ወሬ አልተገኘም። ከሳምንታት በኋላ መብራት መጣ፤ ስዩምም ተበድሮ አዲስ የሰንሰለት ማንሻ ገዛ። እንግዲህ ድንጋይ በእጅ የሚያነሳ ሰው አያስፈልግም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ አለሚቱ ጋራዡ በር ላይ ቆሙ።

«ያን ቀን ዘጠና ነው ያልከኝ?»

«በግምት ነው እትዬ። ብረቱ ላይ በስንዝር ነው የለካሁት።»

«ታዲያ እውነት ዘጠና መሆኑን በምን አወቅህ?»

አላወቀም። ዘጠና ጫነላቸው። ሃምሳን ሁለት፣ ሰባን አንድ አነሱ፤ አረፉ፤ ዘጠናውን ሲስቡት ንቅንቅ አላለም። ሁለቱም ብረቱን ተመለከቱት።

«ያን ቀን ያነሳሁት ምን ነበር ታዲያ?»

«ምናልባት ሰማንያ ይሆናል። ወይ ደግሞ መድፉ ረድቶን ይሆናል።»

«መድፍ እንዴት ይረዳል?»

«እኔ እንጃ እትዬ። ደግሞም ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ በሥራ ላይ ነበሩ፤ ዛሬ ከቤት ነው የመጡት።»

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ባዶውን ዘንግ አምስት ጊዜ፣ አርባን አምስት ጊዜ አስጨመራቸው። ዘጠናው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ተመለሰ። በሦስተኛው ቅዳሜ እሳቸው ራሳቸው ሐሳብ አመጡ።

«ከሰባ ወደ ዘጠና ሩቅ አይደለም? መሐል ላይ አንዲት ነገር አስገባልኝ።»

ሰማንያ አስገባ። አንድ ጊዜ ብቻ አነሷት፤ ከብዳ ነበር፤ ግን ወጣች። ጋሽ አብዱልሐሊም ጎማ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። እትዬ አለሚቱ አንድ ቁና የሚፈስበትን ጊዜ ያህል አረፉ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩ። ጎንበስ አሉ። ዘንጉ ከመሬት ተላቀቀ፣ ጉልበታቸውን አለፈ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«በቃ፣ ያውርዱት» አለ ስዩም።

«ቆይ እስቲ» አሉ።